በጋላክሲ ዙሪያ ያለው ጋዝ

ያን ቀን ስብሰባው መሐል መብራት ባይጠፋ ኖሮ ሐጂ መሀመድአወል እንግዶቻቸውን አያጡም ነበር፤ ጁሀራም ሳምቡሳዋን ይዛ አትሰደድም ነበር፤ ሰቢሪናም ምናልባት መስታወቷን ሳትገጥም ትቀር ነበር።

ሰቢሪና ዓብዱልፈታሕ ሮቤ ተወልዳ ያደገች፣ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች፣ አሁንም እዚያው ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ የምታስተምር ሴት ናት። ሽቶ ከምትባል ባልደረባዋ ጋር ሆና ሕዋ ላይ የሚሰቀል አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ዲዛይን ስታደርግ ከርማለች። ሽቶ የጎባ ልጅ ናት፤ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ፤ እጇ የረጋ፣ ምላሷ የማይረጋ። ቴሌስኮፑ ሲዘጋ ከለስላሳ መጠጥ ሳጥን ብዙም አይበልጥም። መስታወቱ የሻይ ትሪ ያህላል። የሚያየው ግን ሩቅ ነው። ጋላክሲ የሚባለው፣ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት የሚኖሩበት መንደር፣ ዙሪያውን በጣም በሳሳ ጋዝ የተከበበ ነው። አዳዲስ ከዋክብት የሚሠሩት ከዚያ ጋዝ ነው፤ የሞቱትም የሚተፉት ወደዚያው ነው። ጋዙ በዓይን አይታይም። ፍንጭ የሚሰጠው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ ያንን ብርሃን ደግሞ የምድር አየር ይውጠዋል። ስለዚህ መሣሪያው ከአየሩ በላይ መውጣት አለበት።

ዲዛይኑ ትናንሽ የሕዋ መሣሪያዎችን የሚያወዳድር አንድ ዓለም አቀፍ ቡድን ዘንድ ቀርቦ የመጀመሪያውን ዙር አልፏል። ለሁለተኛው ዙር ሥዕልና ስሌት ብቻ አይበቃም ተባለ፤ መስታወቱንና ብርሃን ተቀባዩን ገጥማችሁ፣ ሳይቆሽሽ መገጠሙን አሳዩን አሏቸው። ጭንቁ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የአልትራቫዮሌት መስታወት ቅምጥል ነው። በዓይን የማይታይ የዘይት እንፋሎት ካረፈበት፣ ሰው ቀረብ ብሎ ከተነፈሰበት፣ አበቃለት። የክፍሉን ንጽሕና የሚለኩት «ምስክር» በሚሏቸው ትናንሽ መስታወቶች ነበር። ዋናው መስታወት ከመግባቱ በፊት ምስክሮቹ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ምን እንዳረፈባቸው ይመረመራል።

ወቅቱ ባሌ ስንዴውን የሚሰበስብበት ነበር። ኮምባይነሮቹ ከሲናና እስከ ጎሮ ሜዳውን ሲያጭዱ የገለባው ብናኝ ከተማው ላይ እንደ ጉም ይተኛል። ሰቢሪናና ሽቶ የላቦራቶሪውን መስኮት በፕላስቲክ፣ በሩን በእርጥብ አንሶላ ሸፈኑ። ምስክሮቹ ግን በማግሥቱ ደብዝዘው ይገኛሉ።

«ምስክሮቻችን ዛሬም ከዱን» ትላለች ሽቶ በየጠዋቱ።

ሰቢሪና ከተማ ውስጥ ንጹሕ ክፍል የሚሰጣት ሰው ፍለጋ አንድ የልማት ምክክር ላይ ሄደች። ተራዋ ደርሶ ማይክሮፎኑን ያዘች።

«በጋላክሲ ዙሪያ ብዙ ጋዝ አለ» አለች። «ከምናየው ይልቅ የማናየው ይበልጣል። እስካሁን በደንብ ያጠናው የለም። እኛ አሁን…»

መብራት ጠፋ። ማይክሮፎኑም ዝም አለ። ሰቢሪና ጮክ ብላ ቀጥላ ነበር፤ ነገር ግን በጨለማው አዳራሽ ሰው ሁሉ ከጎኑ ካለው ጋር ማውራት ጀምሮ ስለነበር የሰማት የለም። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ አምፖሎቹ ሲበሩ አቶ በለጠ ቆመው ታዩ።

አቶ በለጠ በከተማው ውስጥ የተቋቋመውን ኮሚቴ ሁሉ የመሩ ሰው ናቸው። የገበያ ማስፋፊያውን፣ የእግር ኳሱን፣ የውሻ እብደት መከላከሉን መርተዋል። ሰብሳቢነት የሚሰጣቸው ስለሚችሉበት ሳይሆን ከሁሉ ቀድመው ስለሚቆሙ ነው።

«የሰማነው ቀላል ነገር አይደለም» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «በጋላክሲ ዙሪያ ጋዝ ተገኝቷል። አሁን በቁርጠኝነት አቅጣጫ ማስቀመጥ አለብን።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሮቤ ውስጥ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ ሰሌዳ የተሰቀለበት፣ «ጋላክሲ ፔንሲዮን» የሚባል ማረፊያ እንዳለ የማያውቅ አልነበረም። ባለቤቱ ሐጂ መሀመድአወል ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ያጨበጨቡት ሰዎች ዞረው ሲያዩዋቸው እሳቸውም ግራ ገብቷቸው አጨበጨቡ።

የጋላክሲ ጋዝ ግብረ ኃይል እዚያው ተቋቋመ።

ሰቢሪና በማግሥቱ አቶ በለጠ ቢሮ ሄደች።

«አቶ በለጠ፣ ስሕተት ተፈጥሯል። እኔ ያልኩት ሰማይ ላይ ያለውን ጋላክሲ ነው።»

«ሰማይ ላይ?»

«አዎ።»

«ዶክተር፣ ጋዝ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ እኛም እናውቃለን። የምንፈልገው ምንጩን ነው።»

«ምንጩ እዚህ አይደለም። በጣም ሩቅ ነው፤ በብዙ ሚሊዮን የብርሃን ዓመት…»

አቶ በለጠ ፊታቸው በራ። «ለብዙ ሚሊዮን ዓመት ብርሃን ይሰጠናል ነው የምትዪኝ?»

«ላኪ!» አለች በኦሮምኛ፤ «ኧረ አይደለም፣ እንዲያ አላልኩም።»

«እሺ፣ ሙቀቱስ? ያቃጥላል?»

ሰቢሪና ለተጠየቀችው ሳይንሳዊ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ መስጠት አይሆንላትም። «አንዳንዱ ሚሊዮን ዲግሪ ይደርሳል» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ተጸጸተች፤ አቶ በለጠ ግን ስልካቸውን አንሥተው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋላክሲ ፔንሲዮን በቆርቆሮ ታጠረ። ማረፊያው ብቻ አይደለም፤ ዙሪያው ሁሉ ታጠረ። ያ መንገድ ለባጃጅና ለጋሪ ተዘጋ። በአካባቢው ሲጋራ ማጨስ፣ ከሰል ማያያዝ፣ መጥበስ፣ መበየድ ተከለከለ። የፔንሲዮኑ ወጥ ቤት ታሸገ። ጎረቤቱ ያለው ዳቦ ቤት ምድጃውን አጠፋ። ጎማ የሚያቃጥለው ጎሚስታ ተነሣ። የጥበቃ ሥራ ለኦቦ ጉሉማ ተሰጠ፤ ዱላ የማይለየውና የታዘዘውን ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ነው። መቆፈር ግን እንዳይጀመር አቶ በለጠ አዘዙ፤ «የዶክተሯ መሣሪያ ሳያልቅ አንድ ዶማ እንዳይነሣ!»

የሐጂ እንግዶች ሻንጣቸውን እየያዙ ወጡ። አንዱማ ካልሲውን ሳያደርግ ነው የወጣው።

ወሬው ጎባ ሲደርስ ጎባዎች ዝም አላሉም። ጎባ ውስጥ «ጋላክሲ ፀጉር ቤት» አለ። ሮቤ ሁሉን ነገር ለራሷ እንደምትወስድ ድሮም የሚናደዱ ሰዎች ፀጉር ቤቱን አጥረው የራሳቸውን ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን ከአጥሩ ውጭ፣ አስፋልት ዳር ወንበር አውጥቶ መላጨት ጀመረ። ከጎሮም አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ስልክ ደውሎ፣ ሱቁ ስሙ ሌላ ቢሆንም ድሮ ጋላክሲ ይባል እንደነበር ምስክር ማቅረብ እንደሚችል ለአቶ በለጠ አስታወቀ።

ሰቢሪና ለሚያገኛት ሰው ሁሉ እውነቱን ተናገረች። ለዩኒቨርሲቲው ዲን ተናገረች፤ ለባጃጅ ሾፌሮች ተናገረች፤ ለእናቷ ተናገረች። እናቷ «ሚስጥር እንድትጠብቂ አስምለውሽ ነው አይደል?» ብለው ጥቅሻ ሰጧት።

በዚያው ሰሞን ሐጂ መሀመድአወል ወደ ቢሮዋ መጡ። ሽበታቸውን በሒና ያቀሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። ወንበር ስትስብላቸው ቆመው ዱዓ አድርገውላት ተቀመጡ።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ልጠይቅሽ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ለሰው እንዳትነግሪብኝ።»

«ይጠይቁኝ፣ ሐጂ።»

«ጋላክሲ ማለት ምን ማለት ነው?»

ሰቢሪና አየቻቸው።

«ሰሌዳውን ሻሸመኔ ነው የገዛሁት» አሉ ሐጂ። «ፎቶ ቤቱን የዘጋ ሰው ነበር፣ አውርዶ ሲሸጠው አገኘሁት። ሰሌዳው ጥሩ ነው፣ ቀለሙም አይለቅም። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም። ይኸው አሁን በስሙ ምክንያት ቤቴ ሊፈነዳ ነው ይሉኛል።»

ሰቢሪና ኮምፒውተሯን አዙራ የአንድ ጋላክሲ ፎቶግራፍ አሳየቻቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አወጡ፤ አደረጉ፤ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ነጠብጣቡ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ኮከብ ነው። አንድ ላይ ተጠጋግቶ ጭጋግ የመሰለውም ኮከብ ነው።»

«መሻአላህ» አሉ። ነጠብጣቦቹን በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እኔ ያለኝ ጥቂት አልጋ ነው» አሉ። «ስሙ በዝቶብኛል።»

ጋዙ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ከሰው ሁሉ ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው። ተረድተው ግን አልተደሰቱም።

«እንግዲያው ቤቴ ደኅና ነው። ይህን ለማን ልንገር? አቶ በለጠን ባለፈው ሳምንት "ኧረ ጋዝ አይሸተኝም" ብላቸው "የማይሸተው ነው አደገኛው" አሉኝ። ባዶ ቤት ነው የምጠብቀው። እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም፣ ዋላሂ። ጠዋት ጠረጴዛ ልወለውል ጨርቅ ይዤ ብገባ አቧራ አጣሁ። ከሮቤ አቧራ ሲጠፋ እኮ ያስፈራል።»

ሰቢሪና ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «አቧራ አጣሁ ነው ያሉኝ?»

በዚያው ቀን ከሽቶ ጋር ሁለት ምስክሮች ይዘው ወደ ጋላክሲ ፔንሲዮን ሄዱ። ፔንሲዮኑ ከኋላ ለሠርግ የሚከራይ ሰፊ አዳራሽ አለው። ከአዳራሹ ውጭ መኪና አያልፍም፤ ጋሪ አያልፍም፤ የሚጨስ ምድጃ፣ የሚፈላ ዘይት የለም። ረጅሙ የቆርቆሮ አጥር የገለባውን ብናኝ ያግዳል። ምስክሮቹን አስቀምጠው ሄዱ። በማግሥቱ ሲመለሱ ሽቶ አንዱን ወደ ብርሃን አንሥታ ብዙ ጊዜ አገላበጠችው።

«ንጹሕ ነው» አለች። «ሰቢ፣ ይሄ ንጹሕ ነው!»

አቶ በለጠ በስሕተታቸው፣ በአገሩ ያለ ሰው አስቦ ሊሠራው የማይችል ንጹሕ ቦታ ሠርተውላቸው ነበር። ሰቢሪና ደስ ቢላትም አንድ ነገር ጎረበጣት።

«እውነቱን እየነገርናቸው፣ በስሕተታቸው ልንጠቀም ነው?» አለች።

«ነግረናቸው የለ?» አለች ሽቶ። «አልሰሙም። ጉሮሮሽ እስኪዘጋ ነገርሻቸው። አሁን ዝም በይና መስታወቱን እንግጠም።»

ሰቢሪናም ከዚያ ወዲህ እውነቱን ለሰው መናገር ተወች። ሐጂ አዳራሹን በደስታ ሰጧቸው፤ ቢያንስ ሰው ይገባበታል አሉ። የሠርግ መጋረጃው ወረደ፤ በሙሽሮቹ መድረክ ላይ በወፍራም ፕላስቲክ የተጋረደ ክፍል ተሠራ፤ አየር የሚያጣራ ማሽን ገባ። አቶ በለጠ መሣሪያው ቦታው ድረስ መምጣቱን ሲሰሙ፣ ሥራው ሊጠናቀቅ ነው ብለው ጥበቃውን አጠበቁት።

በሩ ላይ ሰቢሪና በትልቅ ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለጠፈች፦ «ቅባት፣ ጭስ፣ ሽቶ አይገባም።» ለኦቦ ጉሉማም አንብባ አስረዳችው። ደረቱን ነፍቶ ተቀበለ።

በማግሥቱ ሽቶ የመሣሪያ ቦርሳዋን ይዛ ቀድማ ደረሰች።

«ስም?» አለ ኦቦ ጉሉማ።

«ሽቶ።»

ኦቦ ጉሉማ ወረቀቱን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። «አይገባም።»

«ምን ማለትህ ነው? እዚህ እኮ ነው የምሠራው።»

«ቅባት፣ ጭስ፣ ሽቶ አይገባም ይላል። በጽሑፍ ነው ያለው።»

«እሱ የሚቀባው ሽቶ ነው! እኔ ሰው ነኝ!»

«ሰው መሆንሽን አየሁ። ስምሽ ግን እዚህ አለ።»

«ጉሉማ፣ እጄ ላይ የያዝኩት እቃ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ይሄ ካልገባ…»

«ዕቃው ይግባ» አለ ኦቦ ጉሉማ ቦርሳውን እየተቀበላት። «ዕቃው ላይ የተባለ ነገር የለም።»

ሰቢሪና ስትደርስ ሽቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በኦሮምኛ እየተሳደበች፣ ቦርሳዋ ደግሞ በክብር አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ አገኘቻቸው። ሰቢሪና እየሳቀች እስክሪብቶ አወጣችና ከማስጠንቀቂያው ሥር «ኢንጂነር ሽቶ ግን ትገባለች» ብላ ጨመረችበት። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ጉሉማ ሽቶን በየጠዋቱ በር ላይ አስቁሞ ያሸታታል። የትኛዋ ሽቶ እንደገባች ማረጋገጥ አለብኝ ይላል። የሚገርመው፣ አንድ ቀን ሳታውቅ እጇን በሎሚ ሳሙና ታጥባ ስትመጣ መልሶ ልኳታል፤ ያ ግን ትክክል ነበር።

ሥራው ገፋ። መስታወቱ ከታሸገበት ወጣ፤ ነጭ ቱታ ለብሰው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው መግጠም ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰቢሪና ከአጥሩ ውጭ ስሟን የሚጠራ ድምፅ ሰማች። ጁሀራ ነበረች።

ጁሀራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብራት የተማረች፣ ከጋላክሲ ፔንሲዮን ግድግዳ ሥር ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ናት። ከተማው ውስጥ የእሷን ሳምቡሳ ያልበላ ባለጉዳይ የለም። ግብረ ኃይሉ ምድጃዋን አንሥቶ ከከብት ገበያው ጎን ቦታ ሰጥቷት ነበር።

«ጋዝ አገኘሽ አሉኝ፣ ሰቢ!» አለች ጁሀራ በቆርቆሮው ቀዳዳ።

«አላገኘሁም።»

«ካላገኘሽ እኔን ለምን አባረርሽኝ? ከብት ገበያ ሳምቡሳ ማን ይበላል? በሬው? ዱቄቴ ላይ ዝንብ ነው የሚቀመጥበት። ትናንት አንድ ፍየል መጥታ ግማሹን በላችው፤ ከሷ በቀር ደንበኛ የለኝም።»

«ጁሀራ፣ እኔ አይደለሁም ያባረርኩሽ። እዚህ ጋዝ የለም ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው።»

«ትናንት ነገርሻቸው?»

ሰቢሪና ወደ አዳራሹ ዞር ብላ አየች።

«ዛሬስ?»

ሰቢሪና ቆርቆሮውን ይዛ ቆመች። ልትዋሽ አልፈለገችም፤ እውነቱም ከባድ ነበር። በመጨረሻ መስታወቱ ምን እንደሚጠላ ነገረቻት። በተለይ የሚፈላ ዘይት እንፋሎት። ከየትኛውም አቧራ በላይ ያ ነው የሚገድለው።

ጁሀራ ዓይኗን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች።

«እንግዲያው» አለች ጁሀራ፣ «በጋላክሲ ዙሪያ ያለው ጋዝ እኔ ነኛ!»

ሰቢሪና መሳቅ እንደሌለባት አውቃ ሳቋ አመለጣት። ጁሀራም ሳቀች፤ ግን ቶሎ አቆመች።

«አታስቂኝ። ልጆች አሉኝ» አለች።

«መስታወቱን ገጥመን ሳጥኑን አየር እንዳይገባ አድርገን ልንዘጋው ትንሽ ነው የቀረን። ከተዘጋ በኋላ ብትጠብሺ ምንም አይለውም። ከዚያ እኔው ራሴ ሕዝብ ፊት ቆሜ አጥሩ ይነሣ እላለሁ። አልሰማ ካሉኝም እስኪሰሙኝ አልቀመጥም።»

«የተባረርኩለትን ነገር አሳዪኝና እጠብቃለሁ።»

ኦቦ ጉሉማ ስትገባ አሸተታት፤ ዘይትና ቀይ ሽንኩርት ሸተተው። ቤቷ ሄዳ ታጥባ ተመለሰች፤ አሁንም ሸተተው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ የእህቷን ልብስ ለብሳ፣ ፀጉሯን በውኃ አርሳ ነበር፤ እያመነታ አሳለፋት። በነጭ ቱታ ተጠቅልላ፣ አፏና አፍንጫዋ ተሸፍኖ፣ በፕላስቲኩ መጋረጃ በኩል ጎንበስ ብላ መስታወቱን አየችው።

«ምን ይታይሻል?» አለቻት ሰቢሪና።

«እኔው ራሴ» አለች ጁሀራ። ዓይኗን አጥብባ አየች። «ጥሩ መስታወት ነው። አላረጀሁም።»

ሳጥኑ የተዘጋው ዓርብ ሰዎች ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ነው። ሽቶ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቃ ስትጨርስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አብረው የነበሩት ምስክሮች ንጹሕ ሆነው ወጡ።

ሰቢሪና ቃሏን ጠበቀች። ግብረ ኃይሉ ስብሰባ ጠራ፤ የጎባውም ግብረ ኃይል በታዛቢነት መጣ። አዳራሹ ሞላ። አቶ በለጠ አዲስ ኮት ለብሰው ነበር።

«ዶክተራችን መሣሪያው ተጠናቋል ብላናለች። ውጤቱን እንስማ።»

ሰቢሪና ተነሣች። በዚህ ጊዜ ማይክሮፎኑን አልነካችውም።

«የማወራው ስለ ሰማዩ ጋላክሲ ነው» አለች ጮክ ብላ። «ስለ ሐጂ ፔንሲዮን አይደለም። ፔንሲዮኑ ዙሪያ ጋዝ የለም። የጎባው ፀጉር ቤትም ዙሪያ የለም።»

ጎባዎች አጉረመረሙ። አቶ በለጠ ፈገግ አሉ።

«ትሕትናዋን አያችሁ? ዶክተር፣ ሕዝቡ መጠኑን ነው የሚፈልገው። ምን ያህል ነው?»

«ሰማይ ላይ ያለው?»

«የጋላክሲው።»

ሰቢሪና አሰበች። ምንም ብትል ወደ ፔንሲዮኑ ሊያመጡት ነው። ስለዚህ እውነተኛውን መጠን ለመናገር ወሰነች።

«ያ ጋዝ በጣም ስስ ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን አምጥታችሁ ከዚያ ጋዝ ብትሞሉት፣ ውስጡ የሚገኘው ምናልባት አሥር አቶም ነው።»

ከኋላ የነበረ አንድ ሽማግሌ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «አሥር ምን አለች?»

«አተር» አለው ከጎኑ የተቀመጠው።

«አሥር አተር? በጀሪካን?»

«አቶም!» አለች ሰቢሪና።

«አተር ነው ያለችው» አሉ ከፊት።

አቶ በለጠ ኮታቸውን ቆለፉ፤ መልሰው ፈቱት። «ዶክተር፣ ይሄ… ይሄ አሥር ነገር፣ ሲነድ ምን ያህል ሻይ ያፈላል?»

«ምንም አያፈላም።»

«ግማሽ ብርጭቆ?»

«ጀሪካኑን ባዶ ቢሉት ይቀላል።»

አቶ በለጠ ተቀመጡ። ሰቢሪናን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘኗት። ከተማውን ብርሃን በብርሃን ሊያደርጉ ያለሙ ሰው እንደነበሩ ፊታቸው ላይ አየችው። ግን ብዙ አልቆዩም፤ ተነሡ።

«የተከበራችሁ ተሳታፊዎች» አሉ፣ «ግብረ ኃይላችን ተልዕኮውን በስኬት አጠናቋል። በጋላክሲ ዙሪያ ጋዝ መኖሩ ተረጋግጧል፤ ለጊዜው ግን ለአገልግሎት የሚበቃ አይደለም። ስለዚህ አጥሩ በክብር ይነሣል።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። የጎባው ተወካይ ተነሥቶ የእነሱ ፀጉር ቤት ጋዝ ተለይቶ እንዲለካ ጠየቀ፤ የሰማው አልነበረም።

አጥሩ ሲነሣ ሙዚቀኛ ተቀጠረ። ጁሀራ ምድጃዋን መልሳ ተከለች፤ በመጀመሪያው ቀን ሰልፉ ዳቦ ቤቱን አልፎ ሄደ። ሰው ሁሉ ውስጡ አተር ያለበት ሳምቡሳ ይጠይቃት ጀመር፤ እሷም ሥጋውን ትታ በአተር መሥራት ያዘች። ሐጂ መሀመድአወል መታጠቢያ ቤቱን አሳድሰው እንግዳ ተቀበሉ፤ ለየእንግዳው የስሙን ትርጉም ያስረዳሉ፤ የደከመው እንግዳ ቁልፉን ተቀብሎ እስኪገላገል ቆሞ ይሰማቸዋል።

አወዳዳሪዎቹ ስለ ውጤቱ ያነጋገሯቸው በቪዲዮ ነው። ከዳኞቹ አንዷ የምስክሮቹን ምርመራ ደጋግማ አየችና፣ በመከር ወቅት፣ በእርሻ አገር መሐል፣ ይህን ንጽሕና እንዴት አገኛችሁት አለች። ሰቢሪና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ የኦቦ ጉሉማን አፍንጫ ሳይቀር። ሲሰሙ ማንም አልሳቀም። ድምፅ ተቆርጦ ነው ብላ ስትጠራጠር፣ አንደኛው ዳኛ የጥበቃው ዘዴ በዝርዝር ተጽፎ ቢላክልን አላት። ዲዛይኑ አለፈ። አሁን ሳጥኑ ለንዝረትና ለቅዝቃዜ ፈተና ውጭ አገር መላክ ነበረበት።

ሰቢሪናና ሽቶ ሳጥኑን በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ሄዱ። በወንበር ላይ አስቀምጠው በሁለት ቀበቶ አሰሩት። ከኋላቸው የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ «ምንድን ነው የያዛችሁት?» አሏቸው።

«መስታወት ነው፣ አባ።»

«መስታወት! በዚህ መንገድ?» አዛውንቱ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ጮኹ። «ሾፌር! ቀስ በል፣ መስታወት አለ!»

ዲንሾ ሳይደርሱ ከፊት ያሉት ሴትዮም ጉድጓድ ባዩ ቁጥር «ቀስ!» ማለት ጀመሩ። አዳባ ላይ የተሳፈሩት ሰዎች ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አብረው ጮኹ። አሰላ ሲደርሱ መኪናው ሙሉ በአንድ ድምፅ «ቀስ በል!» ይል ነበር። ሾፌሩ ላብ በላብ ሆነ፤ አንዴ እንዲያውም ወርዶ መንገዱን በእግሩ አይቶ ተመለሰ። አዲስ አበባ ከሌላው አውቶቡስ ሁሉ በኋላ ገቡ።

ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ ሾፌሩ ወደ ሳጥኑ መጣ።

«ክፈቱትና ልየው» አለ። «ደኅና መድረሱን።»

«አይከፈትም፣ ወንድሜ» አለች ሰቢሪና። «ከተከፈተ ይበላሻል።»

«ታዲያ ደኅና መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ሽቶ ቀበቶውን መፍታት ጀምራ ነበር፤ ቆመች። ሰቢሪና ሳጥኑን አየች፤ ሾፌሩን አየች።

«እኔም አላውቅም» አለችው።

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ሳጥኑን ከአንድ በኩል ያዘላቸው፤ ሦስቱ ሆነው በጥንቃቄ አወረዱት።